ሜክ ያልፋል፣ ፕሮግራሙ ግን እንደተነሳ ይሞታል (ኡቡንቱ 22.04፣ ጂሲሲ 11)

ቀይ_ዳማ

ሰላም ናችሁ? ሦስት ሌሊት ከዚህ ነገር ጋር ስታገል አነጋሁ፣ አሁን እጅ ሰጥቻለሁ።

ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል። አባቴ በፈረንጆቹ 90ዎቹ ውጭ አገር ተማሪ ነበር። ያኔ የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ እንደ ልብ አይጻፍም፤ ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም በ1999 ነው። ስለዚህ ኢሜይል ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚመቱት፣ ሴራ በሚባለው አጻጻፍ። (ስሙን አትሳቁበት፣ ምህጻረ ቃል ነው እንጂ የተሸረበ ነገር የለም።) ደብዳቤ፣ ተረትና ምሳሌ፣ የቃላት ዝርዝር፣ ብቻ 412 ፋይል ትቶልኛል። አብሮት የተማረ ጓደኛው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ወደ ፊደል የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም በሲ ጽፎ ነበር። ሶርስ ኮዱ ከፋይሎቹ ጋር አለ። አምስት የሲ ፋይልና አንድ ሜክፋይል፣ መጨረሻ የተነካው 2003።

ሜክ ስል (ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚያስገነባው ትእዛዝ ነው) ያልፋል። ጥቂት ዋርኒንግ ይደረድራል፣ ኤረር ግን የለም፣ የሚነሳው ፋይልም ይፈጠራል። ከዛ አንዱን የአባቴን ፋይል ሰጥቼ ሳስነሳው አንዲት ፊደል ሳያወጣ "ሴግሜንቴሽን ፎልት፣ ኮር ደምፕድ" ብሎ እርፍ። ባዶ ፋይል ስሰጠው አይወድቅም። አንድ ቃል ብቻ ያለበት ስሰጠው ይወድቃል።

የሞከርኩት፦ ሪስታርት፣ አፕዴት፣ ሶርሱን እንደገና ኮፒ አድርጌ መገንባት። ኮር ደምፕድ ይላል እንጂ ኮር የሚባል ፋይል (ሲወድቅ የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ የሚይዘው) ፎልደሩ ውስጥ አላየሁም። ዲሜሴጅን (የከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን አንኳር፣ መዝገብ) በሱዶ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ከፍቼ ሳይ የወደቀው ሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የሲ ላይብረሪ) ውስጥ ነው ይላል፣ የሚጽፈው አድራሻም ባስነሳሁት ቁጥር ይቀያየራል። ሊብሲ ነው እንዴ የተበላሸብኝ? ሌላው ሁሉ ፕሮግራም ደህና ይሠራል እኮ።


ሱዶ_በለው

ወንድሜ ይሄ ቀላል ነው። ወይ ላይብረሪ ጎድሎሃል፣ ወይ ራም አንሶሃል፣ ወይ ሊብሲህ ተበላሽቷል። ሊብሲን በሱዶ አጥፍተህ እንደገና ጫነው። እምቢ ካለ ኡቡንቱን ራሱን አዲስ ጫን። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።


ነጭ_ሽንኩርት

ቆይ ቆይ ቆይ። ሊብሲን ማንም እንዳያጠፋ! ባሽም፣ አፕትም፣ ፋይል የምትዘረዝርበት ትእዛዝም የቆሙት በሱ ላይ ነው። እሱን ባወጣህ ማግስት መልሰህ የምትጭንበት መሣሪያ ራሱ አይነሳም። ቤት ውስጥ ቆሞ ምሰሶውን መንቀል ማለት ነው።

ሦስቱም ግምት ደግሞ ከምልክቱ ጋር አይሄድም። ላይብረሪ ጎድሎ ቢሆን ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ያጣውን ፋይል ስሙን ጠርቶ "ሼርድ ላይብረሪ መጫን አልቻልኩም" የሚል መልእክት ትቶ ይቆም ነበር። ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ቢገድለው የምታየው "ኪልድ" የምትል ቃል ናት። ሴግሜንቴሽን ፎልት ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የሱ ያልሆነ የሜሞሪ አድራሻ ሊነካ ሲል ከርነሉ እዛው አስቁሞታል። ሊብሲ ውስጥ ወደቀ ማለትም ሊብሲ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ሰው ጎረቤት ቤት ገብቶ ቢወድቅ መርዙን የበላው እዛ ነው አይባልም፤ ይዞት ነው የመጣው።

አሁን ሁለት ነገር ፈልግልኝ። አንደኛ፣ "ጥቂት ዋርኒንግ" ያልካቸውን ቃል በቃል ለጥፍልን፤ እኔን የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ የኮር ፋይሉን ተወው። ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ የኮር መጠን ዜሮ ተብሎ ይገደባል፣ ካልሆነም አፖርት የሚባለው ብልሽት ሰብሳቢ ይወስደዋል። በቀጥታ ጂዲቢ (ስህተት መፈለጊያው) ውስጥ አሂደው። መጀመሪያ ሜክፋይሉ ውስጥ ከኮምፓይል ፍላጎቹ (ለኮምፓይለሩ ከሚሰጡት አማራጮች) ጎን ለጂዲቢ የመስመር ቁጥሮችን የሚያቆይለትን ዳሽ ጂ ጨምር፣ ዳሽ ኦ ሁለት የሚል ማፍጠኛ ካለ ወደ ዳሽ ኦ ዜሮ ቀይረው፣ አለዚያ ጂዲቢ ግማሹን ነገር "ኦፕቲማይዝድ አውት" እያለ ያበሽቅሃል። ከዛ ጂዲቢን በፕሮግራሙ ስም ክፈት፣ ራን በል፣ ሲወድቅ ቢቲ በል፣ ማን ማንን ጠርቶ እዛ እንደደረሰ ያሳይሃል። የሚወጣውን አምጣው።


ቀይ_ዳማ

በመጀመሪያ እህታችሁ ነኝ 😄 ወንድምነቱን ለሌላ ሰው።

ሜክፋይሉ ላይ ዳሽ ጂውን ጨምሬ ሜክ ስል "ፕሮግራሙ አፕ ቱ ዴት ነው" ብሎኝ ቁጭ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ለካ ሜክ የሚያየው የሲ ፋይሎቹ ተነክተው እንደሆነ ብቻ ነው፣ ፍላግ ቢቀየር ግድ የለውም። ሜክ ክሊን ብዬ እንደገና ገነባሁ።

ዋርኒንጎቹ ብዙ ይመስሉኝ ነበር፣ ለካ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ተደጋግመው ነው። አንዱ "ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን ኦፍ ፈንክሽን ስትርዱፕ" ይላል። ሌላው እዛው መስመር ላይ "ያለ ካስት ከኢንቲጀር ፖይንተር እየሠራህ ነው" የሚል ነው።

ቢቲ ስል ዜሮኛው ፍሬም (የወደቀበት የመጨረሻው ጥሪ) ሊብሲ ውስጥ ያለው ስትርሌን ነው፣ የስትሪንግ ርዝመት የሚቆጥረው። ከሱ በላይ የፕሮግራሙ የራሱ ፈንክሽን፣ መስመር 88። መስመር 88 ላይ ያለው፣ መስመሩን በስትርዱፕ ገልብጦ ርዝመቱን መቁጠር ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ፖይንተሩን ፕሪንት ሳደርገው በሄክሳ 55559480 ይላል። የሚገርመው ጂዲቢ ውስጥ ስንት ጊዜ ባስነሳው ይቺው ቁጥር ናት፣ አትቀያየርም።


ነጭ_ሽንኩርት

ይቅርታ እህቴ፣ ስሙን ብቻ አይቼ ነው።

እና ጨርሰሽዋል ማለት ይቻላል። አንድ ማረጋገጫ ብቻ ቀረ። ጂዲቢ ውስጥ ስትርዱፕ ላይ ብሬክፖይንት (ማቆሚያ) አድርጊ፣ ራን በይ፣ ሲቆም ፊኒሽ በይ፣ ከዛ አርኤኤክስ የሚባለውን የፕሮሰሰሩን ሬጅስተር በሄክሳ ፕሪንት አድርጊ። ፈንክሽን መልሱን ይዞ የሚወጣው በሱ ነው። ሊብሲ የራሱን ጉዳይ ሲጀምር ስትርዱፕን ሊጠራ ስለሚችል ከመስመር 88 የተጠራውን መያዝሽን እይ።

ቁጥሩ የማይቀያየረው ጂዲቢ የአድራሻ ማወዛወዙን ስለሚያጠፋልሽ ነው። ውጭ ላይ ከርነሉ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሜሞሪውን ሌላ ቦታ ያስቀምጣል።


ቀይ_ዳማ

555555559480 ይላል! 

መስመር 88 ላይ ግን 55559480 ነው ያለው። የፊቶቹ አራት አሃዞች የት ገቡ?


ነጭ_ሽንኩርት

ኮምፓይለሩ ቆረጣቸው። ያስጠነቀቀሽም ስለዚሁ ነበር።

ሲ ቋንቋ ድሮ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረው። የማያውቀውን ፈንክሽን ስትጠሪ "ይሄን አላውቀውም፣ ግን ኢንቲጀር ይመልሳል ብዬ ልገምት" ብሎ ያልፍ ነበር። ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። ስትርዱፕ የሚመልሰው ግን ኢንቲጀር ሳይሆን ፖይንተር ነው፣ የሜሞሪ አድራሻ። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ፖይንተር 8 ባይት ነው፣ ኢንቲጀር 4 ባይት። ስለዚህ ስትርዱፕ ሙሉውን አድራሻ በእጁ ይዞ ይመጣል፣ ጠሪው ደግሞ የኋላውን ግማሽ ብቻ ይቀበለዋል። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ፊቱ ተቀዶ ሲደርስሽ አስቢው። የቀረውን ደውለሽ የሚያነሳ የለም። ስትርሌን ምስኪኑ የተሰጠውን ቁጥር ደወለ፣ ሞተ፣ ስሙም ዲሜሴጅ ላይ ወጣ።

አሁን ሜክፋይሉን ክፈቺና የሲ ስታንዳርዱን የሚመርጠው ዳሽ ኤስቲዲ የሚል ፍላግ ምን እንደሚል ንገሪኝ። ሲ99 ካላለ ኮፍያዬን እበላለሁ ልል ነበር፣ ኮፍያ የለኝም።


ቀይ_ዳማ

ሲ99 ይላል 😳 

ግን አልገባኝም። ፋይሉ ላይኛው መስመር ላይ ስትሪንግ ዶት ኤች (የፈንክሽኖች መግለጫ ያለበት ሄደር ፋይል) ኢንክሉድ ተደርጓል። ስትርዱፕ እዛ ሄደር ውስጥ አይደለም እንዴ ያለው? እንዴት አላውቀውም ይላል?


ነጭ_ሽንኩርት

ጥሩ ጥያቄ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ ሄደሩን ካየ በኋላ ሌላ ቦታ ሲያስስ ይውላል።

ሄደሩ ውስጥ አለ፣ ግን ተደብቋል። ስትርዱፕ ለረጅም ዘመን የሲ ስታንዳርድ አባል አልነበረም፣ የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ደንብ) ነበር። ስታንዳርዱ ውስጥ የገባው በሲ23 ነው። ዳሽ ኤስቲዲ ሲ99 ስትዪ "ስታንዳርዱ ውስጥ ያለውን ብቻ አሳየኝ፣ ሌላውን ሸፍነው" ማለትሽ ነው፣ ጂሊብሲም (ኡቡንቱ ላይ ያለው ሊብሲ) በታማኝነት ይሸፍነዋል። መፍትሔው ሲ99ን፣ ተጨማሪዎቹንም በሚያሳየው በጂኤንዩ99 መተካት ብቻ ነው። ፍላጉን መንካት ካልፈለግሽ ደግሞ ከሁሉም ኢንክሉድ በፊት ጂኤንዩ ሶርስ የሚባለውን ማክሮ ዲፋይን ማድረግ፤ ከኢንክሉዱ በኋላ ካስገባሽው ዋጋ የለውም።

ሜክ ክሊን እንዳትረሺ።


አሮጌው_ቶሺባ

ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ልጅቷ "የአባቴ ጓደኛ እንዴት ሳያየው ቀረ" ብላ እንዳትቀየመው።

በ2003 አብዛኞቻችን ቤት የነበረው ባለ 32 ቢት ማሽን ነው። እዛ ላይ ኢንቲጀርም 4 ባይት፣ ፖይንተርም 4 ባይት። ግምቱ ስህተት ቢሆንም የሚቆረጥ ነገር የለም፣ እና ፕሮግራሙ እንደ ሰዓት ይሠራል። ይባስ ብሎ ባለ 64 ቢት ላይም ለዓመታት በዕድል አልፏል። ያኔ ፕሮግራሞች የሚጫኑት ታችኛው የአድራሻ ሰፈር ነበር፣ ማሎክ (ሜሞሪ የሚያድለው ፈንክሽን፣ ስትርዱፕም ለቅጂው ቦታ የሚያገኘው ከሱ ነው) የሚሰጠውም ሜሞሪ እዛው አጠገብ ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ 4 ባይት ውስጥ ይገባል። ከኡቡንቱ 16.10 ወዲህ፣ ማለትም ከ2016 ጥቅምት ጀምሮ፣ ጂሲሲ በነባሪነት ፓይ የሚባለውን የፕሮግራም ዓይነት ይገነባል። ይህ ለደህንነት ተብሎ የመጣ ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ የትም ሊቀመጥ ይችላል። ማሎክም አብሮ ወደ ላይ ወጣ። አንቺ ያየሽው በ5555 የሚጀምረው ረጅም ቁጥር ያ ሰፈር ነው። እና በአንድ ለሊት ድሮ ይሠራ የነበረ ስንት ኮድ ተንኮታኮተ፣ ኮዱን ማንም ሳይነካው። እኔ በሥራ ቦታዬ አንድ የሪፖርት ፕሮግራም እንደዚሁ ሞቶብኝ ሙሉ ሳምንት ዳታቤዙን ስወቅስ ከርሜያለሁ።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ለጨዋታ ያህል ዳሽ ኖ ዳሽ ፓይ ብለሽ ገንቢው፣ በዛ የተበላሸ ኮድ ሳይወድቅ ሊሄድልሽ ይችላል። ለጨዋታ ነው ያልኩት! መፍትሔ ነው ብለሽ እንዳትተዪው።


ፌዶራ_ለባሽ

እኔ ጋ ቢሆን ይሄ ክር አይከፈትም ነበር 😎 ፌዶራ 40 (ሌላው ሊኑክስ) ይዞት የመጣው ጂሲሲ 14 ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽንን ኤረር አድርጎታል፣ ገና ሲገነባ ይቆማል። ስታንዳርዱ ልማዱን ያስወጣው በ1999፣ ጂሲሲ በሩን የዘጋው በ2024። ሀያ አምስት ዓመት ሙሉ "ዋርኒንግ ነው፣ ይለፍ" ስንል ኖርን።

ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያላችሁም ያንኑ ማግኘት ትችላላችሁ። ዳሽ ደብሊው ኤረር፣ እኩል ምልክት፣ ከዛ ኢምፕሊሲት ፈንክሽን ዴክላሬሽን በሰረዝ እያያዛችሁ ፍላጎቹ ላይ ጨምሩ። ሁሉንም ዋርኒንግ ኤረር ማድረግ ግን አልመክርም፣ የሰው አሮጌ ኮድ ስትገነቡ በማይረባ ነገር ሁሉ ያስቆማችኋል።

በነገራችን ላይ ለምን በፓይተን አትጽፊውም? የፊደል ሰንጠረዡን አስገብተሽ 40 መስመር ነው።


ቀይ_ዳማ

ሠራ!!! ጂኤንዩ99 አድርጌ፣ ክሊን ብዬ፣ ገንብቼ፣ አንድ ቃል ያለበትን ፋይል ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ ሰላም የሚል ወጣ። በፊደል። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ፓይተኑን አስቤው ነበር። አባቴ ግን በአንድ መስመር እንግሊዝኛና አማርኛ ያደባልቃል፣ የሚለይበትም የራሱ ምልክቶች አሉት፣ እነዛን ሁሉ የሚያውቀው ይሄ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሰንጠረዡን እንደገና ከመፍጠር ይሄን ማዳን ይሻለኛል።

አሁን 412ቱንም በአንድ ሉፕ እያሄድኳቸው ነው። ሻይ አፍልቼ እመለሳለሁ።


ቀይ_ዳማ

ሻዩ ቀዘቀዘ። 409 አለፉ፣ ሦስቱ ወደቁ። አሁን ግን ሌላ አወዳደቅ ነው። ሴግሜንቴሽን ፎልት አይልም፣ "ማሎክ፣ ኮራፕትድ ቶፕ ሳይዝ" ይልና "አቦርትድ" ብሎ ይቆማል። ከሦስቱ አንዱን ከመሃል ቆርጬ ሁለት ቦታ ስከፍለው አንዱ ግማሽ ያልፋል፣ ሌላው ይወድቃል። ቢቲው ማሎክ ውስጥ ነው የሚያሳየኝ፣ የጠራው መስመር ደግሞ ምንም ጥፋት የሌለበት ነው። እንደውም ቦታውን ለማግኘት አንድ ፕሪንትኤፍ (ስክሪን ላይ የሚጽፍ ፈንክሽን) ስጨምር ሌላ መስመር ላይ ሄዶ ወደቀ። እየተጫወተብኝ ነው?


ነጭ_ሽንኩርት

ይሄ ሁለተኛ በሽታ ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የለውም። ፋይሉን ለሁለት እየከፈልሽ ማጥበብሽ ትክክል ነው፣ ቀጥዪበት፣ የወደቀችው አንዲት መስመር እስክትቀር።

"ኮራፕትድ ቶፕ ሳይዝ" የሚለው ማሎክ የራሱን መዝገብ ሲያነብ የማይሆን ቁጥር አግኝቶ ነው። አንድ ሰው ከተሰጠው ቦታ አልፎ ጽፏል፣ አጠገቡ ያለውን የማሎክን ሒሳብ ደልዟል። የደለዘው ቀደም ብሎ ነው፣ የታወቀው ግን ቀጥሎ ማሎክ ሲጠራ። ስለዚህ ቢቲ የሚያሳይሽ ስርቆቱን ያወቀውን ሰው ነው እንጂ ሌባውን አይደለም። ፕሪንትኤፍ ስትጨምሪ ቦታው የተቀየረውም ፕሪንትኤፍ ራሱ ሜሞሪ ስለሚይዝ አቀማመጡን ስላዛባው ነው።

ሌባውን እጅ ከፍንጅ የሚይዘው አድረስ ሳኒታይዘር ነው። ፍላጉ ዳሽ ኤፍ ሳኒታይዝ፣ እኩል ምልክት፣ አድረስ። ኮምፓይል ሲደረግም ሊንክ ሲደረግም (የተገነቡት ክፍሎች ሲገጣጠሙ) መኖር አለበት፣ ኮምፓይሉ ላይ ብቻ ካስገባሽው ሊንከሩ በኤሳን የሚጀምሩ ስሞች አላገኘሁም እያለ ገጹን ይሞላዋል። ክሊን፣ ግንባታ፣ ከዛ ያቺን መስመር ስጪው።


አሮጌው_ቶሺባ

ወይም ቫልግራይንድ፣ ሌላው የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ። እንደገና መገንባት አያስፈልገውም፣ የተገነባውን ፕሮግራም ከፊቱ ቫልግራይንድ ብለሽ ማስነሳት ነው፣ ዳሽ ጂ ካለው የመስመር ቁጥር ጭምር ይነግርሻል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ለአንድ መስመር ምን ችግር አለው። ሁለቱን ባንድ ላይ ብቻ አታሂጂ፣ በሳኒታይዘር የተገነባ ፕሮግራም ቫልግራይንድ ውስጥ አይሄድም።


ቀይ_ዳማ

ሳኒታይዘሩን መረጥኩ። ሊንክ ላይ ማስገባቱን እንዳልከው ረስቼው ነበር፣ ገጹ ሞላ 🙈

መስመሯን አገኘኋት። ከቃላት ዝርዝሩ ናት። በፊደል እንዲህ ነው የምትነበበው፦ ፍቅር፣ ክብር፣ ትምህርት፣ ምስክር፣ ግብር፣ ምድር፣

ሳኒታይዘሩ "ሂፕ ባፈር ኦቨርፍሎው፣ 1 ባይት ሲጻፍ፣ 65 ባይት ከሆነው ቦታ ልክ ማብቂያ ላይ" ይላል። የጻፈው መስመር 131 ነው፣ ቦታው የተወሰደበት መስመር 90። ኮዱን ከፍቼ አየሁት። መስመር 90 ላይ የሚያደርገው የላቲኑን ርዝመት ወስዶ በሁለት አባዝቶ አንድ ጨምሮ ማሎክ ማድረግ ነው። ይቺ መስመር በላቲን 32 ቁምፊ ናት፣ 64 ሲደመር 1፣ 65። እስከዚህ ገብቶኛል። ለምን በሁለት አባዛው? ሌሎቹ በሺ የሚቆጠሩ መስመሮችስ እንዴት አለፉ? ከነሱ ውስጥ የመስመሯን አምስት እጥፍ የሚረዝም አለ እኮ።


ነጭ_ሽንኩርት

ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። መልሱ ሲ ውስጥ የለም፣ ፊደል ገበታ ላይ ነው ያለው።

የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚቀመጥበት አጻጻፍ) ሦስት ባይት ነው። ሴራ ላይ ደግሞ አብዛኛው ፊደል የሚጻፈው በሁለት ቁምፊ ነው፣ ተነባቢና አናባቢ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ እያልሽ ሂጂ። ሁለት ገባ፣ ሦስት ወጣ። በሁለት ካባዛሽው ደግሞ አራት ቦታ አለሽ፣ ሞልቶ ይተርፋል። ሰላም ብትዪ አምስት ቁምፊ ገብቶ ዘጠኝ ባይት ነው የሚወጣው፣ ቦታው አስራ አንድ ነው።

ሳድስ ግን አናባቢ አይጻፍለትም፣ አንድ ቁምፊ ብቻውን ነው። አንድ ገባ፣ ሦስት ወጣ! ቦታው ሁለት። አሁን መስመርሽን እዪያት። ፍቅር፣ ክብር፣ ትምህርት፣ ምስክር፣ ግብር፣ ምድር። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ሳድስ ያልሆነ ፊደል የለባትም! ቁጠሪው፣ 21 ሳድስ፣ 6 ነጠላ ሰረዝ፣ እሱም አንድ ገብቶ ሦስት የሚወጣ ነው፣ 5 ክፍት ቦታ። 27 በሦስት 81፣ 5 ሲጨመር 86፣ ስትሪንጉን የሚዘጋው ዜሮ ባይት ሲጨመር 87። ቦታው 65። ተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግዕዙም ካዕቡም ራብዑም ስላለ፣ በየቃሉ መሃልም ክፍት ቦታ ስላለ ይካካሳል፣ ምንም ቢረዝም።

ትምህርት የምትለውን ቃል ብቻዋን ብትሰጪውም በእርግጥ ይተርፋል፣ 11 ቦታ ላይ 16 ባይት። ግን አይወድቅም። ማሎክ ከጠየቅሽው ትንሽ አስበልጦ ይሰጣል፣ እዚህ 11 ስትጠይቂ 24 ታገኛለሽ፣ ትርፉ ጥፋቱን ይውጠዋል። ለ65 የሚሰጥሽ 72 ነው፣ 87 አይገባበትም። ከ409ኙ ፋይሎች ውስጥም ሳይወድቅ እንዲህ የተረፈ ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም በሳኒታይዘር በተገነባው እንደገና አሂጃቸው። እሱ አንዲት ባይት አያሳልፍም።

ሁለቱን ሦስት አድርጊው። ማንኛውም የገባ ባይት ቢበዛ ሦስት ነው የሚሆነው፣ ከዛ በላይ አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ ሜሞሪ ሊክ (ተወስዶ ያልተመለሰ ሜሞሪ) እያለ የሚዘረዝርልሽን አትስሚው፣ ተነስቶ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ ፕሮግራም ነው፣ ሲወጣ ከርነሉ ሁሉንም ይሰበስበዋል።


ሱዶ_በለው

እኔ ራም አንሷል ብዬ ነበር እኮ። 22 ባይት አንሷል 😂


ነጭ_ሽንኩርት

@ሱዶ_በለው አንተ ሰውዬ 😂 ይቺን ግን ልስጥህ።


ቀይ_ዳማ

412/412። ሳኒታይዘሩም ሊኩን ከመዘርዘር ሌላ ምንም አላለም። እንዳልከው በፊት "ካለፉት" ውስጥ አስራ አንድ ፋይል ላይ ትርፍ ጽሑፍ ነበረ፣ በአሮጌው ግንባታ ሳስነሳቸው ዝም ብለው ነበር የሚያልፉት። ሁለቱ ላይ የሚቀጥለው መስመር የመጀመሪያ ፊደል ተበላሽቶ ወጥቶ ነበር፣ እኔ የአባቴ የትየባ ስህተት መስሎኝ።

ለውጡ በጠቅላላ ሁለት ቦታ ነው። ሜክፋይሉ ላይ ሲ99 ጂኤንዩ99 ሆነ፣ መስመር 90 ላይ 2 የነበረው 3 ሆነ። ለዚህ ሦስት ሌሊት።

ፕሮግራሙን የጻፉትን የአባቴን ጓደኛ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላቸው። ለእናቴ በየበዓሉ ይደውላሉ፣ ቁጥራቸው ነበረን። ጋሼ፣ ያኔ የጻፉትን ፕሮግራም አስነሳሁት፣ ሁለት ነገር አስተካክዬ ነው ግን፣ መጀመሪያ ይወድቅብኝ ነበር አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፦

"እኔ ጋ ይሠራ ነበር እኮ!"